ሁለት ባላ በፖርት ቤል



ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከክርክር ነው። አንድ ምሽት ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ፣ በአንድ ጀበና ዙሪያ ተሰብስበን ሳለ ስለ ኢዲ አሚን ዘመን ጨዋታ ተነሣ። ከመካከላችን አንዱ፣ በየሁለት ሳምንቱ ካምፓላ የሚመላለስ ወጣት፣ «ሕንዶቹ የሥራቸውን ነው ያገኙት፤ አንድ እግራቸውን ካምፓላ፣ አንድ እግራቸውን ለንደን አድርገው ይኖሩ ነበር። ሁለት አገር ያማረው አንዱንም አያገኝም» አለ። አነጋገሩ ደስ አለንና ራሳችንን ነቀነቅን። በዕድሜ የሚበልጡን አንድ አባት ግን ስኒያቸውን አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ አንተስ ዛሬ በስንት እግርህ ቆመህ ነው የምታወራው?» አሉት። ወጣቱ የሦስተኛ አገር ጉዳዩ ከተከፈተ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ካምፓላ ውስጥ የሰው ሱቅ ይጠብቃል፤ አገር ቤት ያሉት እናቱ ደግሞ የቀበሌ መታወቂያውን ከሣጥን ሥር ደብቀው ያኖሩለታል። ዝም አለ። እኛም ዝም አልን፤ እያንዳንዳችን የራሳችንን እግር ስንቆጥር ከሁለት የሚያንስ አላገኘንምና።

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ተረት የእኛው ነው። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲነቀል ምን ይሆናል? ይህ በቅርባችን፣ በዚሁ በምንኖርበት አገር፣ የሆነ ነገር ነው። ስለዚህ ለዚህ ዕትም የፖርት ቤልን ነገር ልንጽፍ ተስማማን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን።

ፖርት ቤልን ያላየ ሰው ሊኖር ስለሚችል በጥቂቱ እናሳየው። ከካምፓላ መሐል ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚወርደው የፖርት ቤል መንገድ ሉዚራ ላይ ደርሶ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ጋር ይገናኛል። እዚያ ትንሽ ወደብ አለ፤ የባቡር ሐዲዱ እስከ ውኃው ጫፍ ይሄዳል፤ ባቡሩ የሚጎትታቸውን ፉርጎዎች እንዳሉ የሚጭኑ መርከቦች ከታንዛኒያና ከኬንያ ወደቦች የሚመላለሱት ከዚህ ነው። በአቅራቢያው የቢራ ፋብሪካ አለ፤ በወደቡ ስም የተጠራውን ቤል ቢራ የሚጠምቅ። የአገሪቱ ዋና እስር ቤትም ጎረቤት ነው። ቢራና እስር ቤት፣ ሐዲድና መርከብ እንዲህ ተጎራብተው ሲታዩ፣ መንግሥት የሚባለው ነገር ከነሙሉ ዕቃው በአንድ ግቢ የተቀመጠ ይመስላል።

ወደቡ ስሙን ያገኘው ከሰር ሄስኬት ቤል ነው። ይህ ሰው ከ1906 እስከ 1909 ዩጋንዳን ያስተዳደረ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ በስሙ ከተጠራው ወደብ ይልቅ የሐይቁን ዳር ሰው አልባ በማድረጉ ሊታወስ የሚገባው ይመስለናል። በዚያን ጊዜ የእንቅልፍ በሽታ በሐይቁ ዳርቻ ከ200 ሺህ ሰው በላይ ጨርሶ ነበር። በሽታውን የምታስተላልፈው የፄፄ ዝንብ በውኃ ዳር ቁጥቋጦ የምትራባ መሆኗ ሲታወቅ፣ ቤል ከባሕሩ ዳር ሁለት ማይል ያህል ባለው መሬት ላይ ማንም እንዳይኖር አዘዘ። ሕዝቡ ከአባቶቹ መቃብር፣ ከሙዝ ተክሉ፣ ከታንኳው ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ፤ ቀጥሎም የደሴቶቹ ሰዎች ተነሡ። ትእዛዙ ብዙ ሕይወት ሳያድን አልቀረም፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ በዚህ ባሕር ዳር «አንተ እዚህ መኖር አትችልም» የሚለው ሕግ መጀመሪያ የተነገረው ለመጻተኛ አይደለም። ለባለአገሩ ነው። የሐይቁ ዳር ለባለአገሩ በተዘጋበት ዘመን፣ ያው ወደብ ከባሕር ማዶ ለሚመጣው ነጋዴ ክፍት ነበር።

ያ ነጋዴ እንዴት እንደመጣ ደግሞ እንይ። እንግሊዞች ከሞምባሳ እስከ ሐይቁ ድረስ የዘረጉት ባቡር በ1896 ተጀምሮ በ1901 መጨረሻ ላይ ኪሱሙ ደረሰ። ሥራውን የሠሩት በአመዛኙ ከሕንድ በውል የመጡ ሠራተኞች ነበሩ፤ ቁጥራቸው ወደ 32 ሺህ ይጠጋል። ከእነዚህ 2,500 ያህሉ እዚያው ቀሩ፤ በበሽታ፣ በአደጋና በአንበሳ። የቀሩት ውላቸው ሲያልቅ በአብዛኛው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ 6,700 ገደማ ብቻ በምሥራቅ አፍሪካ ለመኖር መረጡ። ስለዚህ በዩጋንዳ «የባቡር ኩሊ ልጆች» እየተባሉ የሚጠሩት ሕንዶች ሁሉ የባቡር ሠራተኛ ልጆች ናቸው ማለት ስሕተት ነው። አብዛኞቹ ሐዲዱን ተከትለው የመጡ ነጋዴዎች፣ ጸሐፊዎች፣ አናጢዎችና ልብስ ሰፊዎች ነበሩ። በ1916 ያረፈው አሊዲና ቪስራም የተባለው ትልቅ ነጋዴማ ባቡሩን እንኳ አልጠበቀም፤ ሐዲዱ ሐይቁ ዳር ሳይደርስ ካምፓላ ላይ ሱቅ ከፍቷል።

ካምፓላ ከኬንያው ዋና ሐዲድ ጋር በቀጥታ የተገናኘችው በ1931 ነው። እስከዚያ ድረስ መንገደኛው ኪሱሙ ላይ ከባቡር ይወርድና በእንፋሎት መርከብ ሐይቁን ያቋርጥ ነበር። መርከቦቹ ራሳቸው ስደተኞች ናቸው ማለት ይቻላል፤ በእንግሊዝ አገር ተሠርተው፣ ተፈታትተው፣ ኪሱሙ ላይ እንደገና ተገጣጥመው ነው ውኃ ላይ የወጡት። ካምፓላ ለሚሄደው መንገደኛ ማራገፊያው ፖርት ቤል ሆነ። ከዚያ ወርዶ የጨርቅ ጥቅሉን ተሸክሞ ወደ ካምፓላ የወጣው ሕንዳዊ የእንግሊዝ ንጉሥ ተገዥ ነበር፤ ዩጋንዳም የእንግሊዝ ጥገኛ ግዛት ነበረች። ስለዚህ በራሱ ግምት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል ተሻገረ እንጂ ድንበር አላለፈም። ቪዛ የሚባል ነገር ልቡናው ውስጥ አልነበረም። ለኋላው መከራ ሥሩ እዚህ ላይ ያለ ይመስለናል፤ ሰውዬው እንግዳ ሆኖ አልገባም፤ እንግዳ የሆነው ከገባ ከስልሳ ዓመት በኋላ ነው።

የመግቢያ ፈቃድ በሦስቱም የምሥራቅ አፍሪካ ግዛቶች የጠበቀው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው። በዚያው ዘመን አካባቢ ደግሞ እኛን የሚመስሉ ሌሎች ሰዎች በዚህ አገር ነበሩና ሳናነሣቸው አናልፍም። በ1940 እና በ1941 ሶቪየቶች ወደ ሳይቤሪያና ወደ መካከለኛው እስያ ካጋዟቸው ፖላንዳውያን መካከል በ1942 በኢራን በኩል የወጡት ሴቶች፣ ልጆችና ሽማግሌዎች ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተላኩ። ዩጋንዳ 7 ሺህ ያህሉን ተቀብላ በሁለት ካምፕ አሰፈረች፤ አንደኛው በማሲንዲ አጠገብ ኒያብዬያ፣ ሁለተኛው ከፖርት ቤል ብዙም በማይርቀው የሐይቁ ዳርቻ ኮጃ። ትምህርት ቤት ሠሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ የኒያብዬያው ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ቆሟል። ጦርነቱ ሲያልቅ ግን አገራቸው በሌላ መንግሥት እጅ ወድቃ፣ መመለስ የፈለገው ጥቂት ሆነ። ቅኝ ገዥው መንግሥትም ከጥቂቶች በቀር በዩጋንዳ እንዲቀሩ አልፈቀደም፤ ነጮች መሆናቸው እንኳ አላዳናቸውም። ካምፑ ተዘጋ፤ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ካናዳ፣ ወደ አውስትራሊያ ተበተኑ። ኮጃ ላይ መቃብራቸው ቀርቷል። «ማደሪያ» እና «መኖሪያ» ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች መሆናቸውን ከእኛ በፊት በዚሁ ሐይቅ ዳር የተማሩ ሰዎች ነበሩ ለማለት ያህል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ።

ዩጋንዳ ነጻ የወጣችው በጥቅምት 9 ቀን 1962 ነው። በዚያን ዕለት ዕድሜ ልካቸውን ካምፓላ የኖሩ እስያውያን አንድ ጥያቄ ተደቀነባቸው፤ የማን ዜጋ ናችሁ? ራሱም አንድ ወላጁም በዩጋንዳ የተወለዱለት ሰው ያለ ጥያቄ ዜጋ ሆነ። ሌላው ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ማመልከትና መመዝገብ፣ ከዚያም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የእንግሊዝ ዜግነቱን መተዉን በወረቀት ማረጋገጥ ነበረበት። ሁለት ዓመት! ሠላሳ ዓመት የሸመነውን ኑሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደየትኛው አገር እንደሚያለብስ የሚያውቅ ማን ነው? አንዳንዱ ወዲያው ተመዘገበ። አንዳንዱ ጊዜው ሊያበቃ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሄደ። ብዙው ግን ያደረገው ነገር ለእኛ በጣም የሚገባን ነው፤ ቤተሰቡን ከፋፈለ። አባት የእንግሊዝ ፓስፖርቱን ያዘ፤ የበኩር ልጅ ለንግድ ፈቃዱ ሲባል ዩጋንዳዊ ሆነ፤ አጎት የሕንድ ዜጋ እንደሆነ ቀረ። አንድ ማዕድ ላይ ሦስት ፓስፖርት። ይህ ክፋት ነበር? ወይስ የቤት አባት ጥንቃቄ? እኛ ጥንቃቄ ነው እንላለን፤ ነገር ግን አፍሪካዊው ጎረቤታቸው ይህን ሲያይ ሌላ ነገር ማሰቡን እንረዳለን። ጥጡን መዝኖ የሚገዛው፣ ጨውና ጨርቅ የሚሸጠው፣ ከተማው ውስጥ ያለውን ሱቅ የያዘው እስያዊ ነበር፤ ቅኝ ገዥው ከላይ ነጭ፣ ከመካከል ሕንዳዊ፣ ከታች አፍሪካዊ አድርጎ የደረደረው መሰላል ነጻነት በመጣ ማግሥት አልፈረሰም። ያ ቁጣ ከሜዳ የተነሣ አልነበረም።

የመጀመሪያው ባላ የተነቀለው ካምፓላ ላይ አይደለም፤ ለንደን ላይ ነው። በ1968 መጀመሪያ ላይ ኬንያ ያሉ እስያውያን በብዛት ወደ እንግሊዝ መግባት ሲጀምሩ፣ የእንግሊዝ ፓርላማ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ ሕግ አወጣ። ሕጉ የእንግሊዝ ፓስፖርት የያዘ ሰው ሁሉ እንግሊዝ አገር መግባት አይችልም አለ፤ እሱ ራሱ ወይም ወላጁ ወይም አያቱ ከዚያ ምድር ጋር የትውልድ ወይም የዜግነት ግንኙነት ያለው መሆን አለበት። የቆዳ ቀለም የሚል ቃል በሕጉ ውስጥ የለም፤ ግን አያቱ እንግሊዝ የተወለደ ሕንዳዊ ከየት ይመጣል? ለቀሩት በዓመት ለ1,500 የቤተሰብ ኃላፊዎች ብቻ የመግቢያ ወረቀት ይሰጥ ጀመር፤ ሌላው ወረፋ ይጠብቅ ተባለ። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን በ1973 ይህን ነገር መርምሮ ሰዎቹን በዘራቸው ምክንያት ማዋረድ ነው ብሎ ፈርዷል፤ ግን ፍርዱ ከመከራው በኋላ ነው የመጣው። እንግዲህ ፓስፖርት የሚባለው ነገር በሽፋኑ ላይ የንግሥት ዘውድ ታትሞበት ሳለ በር የማይከፍት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከእኛ መካከል ወረቀት ካገኘሁ አለቀልኝ የሚል ካለ ይህችን ያስታውሳት።

ሁለተኛው ባላ ቀስ በቀስ ነው የተነቀነቀው። በ1969 የኦቦቴ መንግሥት ሁለት ሕጎች አወጣ፤ አንደኛው ዜጋ ያልሆነ ሰው በዩጋንዳ ለመኖርና ለመሥራት ፈቃድ እንዲያወጣ የሚያስገድድ፣ ሁለተኛው ዜጋ ያልሆነ ሰው ከተወሰኑ ቦታዎችና ሸቀጦች ውጭ እንዳይነግድ የሚከለክል። ሠላሳ ዓመት በአንድ ሱቅ የተቀመጠ ሰው የዚያኑ ሱቅ መቀመጫ ፈቃድ ለመጠየቅ ተሰለፈ። የዜግነት ማመልከቻ ካስገቡት መካከል ወደ 12 ሺህ የሚሆነው ለዓመታት መልስ ሳያገኝ በመዝገብ ቤት ተከማችቶ ነበር፤ አሚን ሥልጣን ከያዘ በኋላ፣ በ1971 መጨረሻ፣ በአንድ ቃል ሰረዘው። እዚህ ላይ ቆም ብለን እንናገር፤ እነዚህ ሰዎች አልመረጡም ተብለው የሚወቀሱ አይደሉም። መርጠዋል። መልስ የነፈጋቸው መዝገብ ቤቱ ነው። ፋይል «በሂደት ላይ ነው» ሲባል ምን እንደሚመስል ለእናንተ ለማስረዳት ቀለም አናባክንም።

ከዚያ በፊት ግን የተረሳ አንድ ነገር አለ። በ1970 የኦቦቴ መንግሥት የኬንያ ተወላጅ የሆኑ የጉልበት ሠራተኞችን ከሥራ አስወጥቶ ወደ አገራቸው መለሰ፤ ብዙዎቹ ከሐይቁ ማዶ የመጡ ሉዎዎች ነበሩ። ቁጥራቸው በአስር ሺዎች ይገመታል። በባቡሩ፣ በወደቡና በፋብሪካው ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ምሥራቅ አፍሪካ በአንድ ባቡርና በአንድ ገንዘብ ስትጠቀም የመጡ፣ የፓስፖርትን ነገር ከሕንዱም ይልቅ አስበውት የማያውቁ። ስለ እነርሱ ፊልም አልተሠራም፤ አውሮፕላን አልተላከላቸውም። ጓዛቸውን ይዘው ተሻገሩ፤ አለቀ። ስለ ዩጋንዳ ማባረር ሲወራ ሁልጊዜ ከ1972 መጀመሩ ቅር ያሰኘናል። ደግሞም ይህ የዩጋንዳ ብቻ ጠባይ አልነበረም፤ ጋና በ1969 ወረቀት የሌላቸውን የውጭ ሰዎች፣ አብዛኞቹን ናይጄሪያውያን፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ውጡ ብላ ነበር፤ በ1983 ደግሞ ናይጄሪያ ጋናውያንን በሁለት ሳምንት አስወጣች። ብድር በምድር የሚሉት ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ከፋዩና ተከፋዩ አንድ ሰው አይደሉም እንጂ።

ነሐሴ 4 ቀን 1972 ኢዲ አሚን ቶሮሮ በሚገኝ የጦር ሠፈር ተገኝቶ፣ እግዚአብሔር በሕልሙ አዝዞኛል በማለት የእንግሊዝ ፓስፖርት ያላቸውን እስያውያን በ90 ቀን ውስጥ እንዲወጡ አወጀ። ቀጥሎ የሕንድ፣ የፓኪስታንና የባንግላዴሽ ዜጎች ተጨመሩ። አንድ ሰሞን የዩጋንዳ ዜጎች የሆኑትም ይውጡ ብሎ ነበር፤ ኋላ ይህን መልሶ አነሣው። ሲያነሣው ግን በምትኩ ማጣራት የሚባል ነገር መጣ። ዜጋ ነኝ የሚል ሁሉ ወረቀቱን ይዞ እንዲሰለፍ ታዘዘ። ሰልፉ ላይ ምን ሆነ? የእንግሊዝ ዜግነቱን የተወበት ማረጋገጫ ከተወሰነው ጊዜ ጥቂት ቀን አሳልፎ የደረሰ ሰው፣ ዜጋ አይደለህም ተባለ። የአባቱን የልደት ወረቀት ማምጣት ያልቻለ፣ ዜጋ አይደለህም ተባለ። ወረቀቱ ይቀደድበት ነበር። እንግሊዝን ትቷል፤ ዩጋንዳ ተወችው፤ ሕንድን አይቶ አያውቅም። እነሆ ሁለቱም ባላ በአንድ መስኮት ፊት ተነቀለ።

የመጨረሻው ቀን ኅዳር 8 ነበር። ገንዘብ ይዞ መውጣት የተፈቀደው ለአንድ ቤተሰብ 50 ፓውንድ ገደማ ነው። ከእንግሊዝ ፓስፖርት ባለቤቶች 27 ሺህ ወይም 28 ሺህ የሚሆኑት እንግሊዝ ገቡ፤ ካናዳ ብዙ ሺህ ሰዎች ተቀበለች። እንግሊዝ የገቡትን ያሳረፏቸው የት ይመስላችኋል? በአሥራ ስድስት ካምፕ፤ አብዛኞቹ አሮጌ የጦር ሠፈሮች ናቸው። ባለ ፋብሪካውና ጸሐፊው፣ ሐኪሙና ቸርቻሪው በአንድ የብረት አልጋ ተራ ተኙ፤ ሾርባ ተሰልፈው ወሰዱ፤ በሱፍ ብርድ ልብስ ግድግዳ ሠርተው ትዳራቸውን ጋረዱ። የሌስተር ከተማ ምክር ቤት ደግሞ ገና ካምፓላ ሳሉ፣ በዚያው በካምፓላ ጋዜጣ ላይ፣ ወደ ከተማችን ባትመጡ ይሻላችኋል የሚል ማስታወቂያ አውጥቶባቸው ነበር። ከእነርሱ ብዙዎቹ ግን የሌስተርን ስም የሰሙት ከማስታወቂያው ነው እየተባለ ይቀለዳል፤ ሄደውም እዚያው ሠፈሩ።

አገር ያልነበራቸውስ? እነርሱን የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች መሥሪያ ቤት በኦስትሪያ፣ በጣሊያን፣ በማልታ፣ በቤልጅግና በስፔን ባሉ ጊዜያዊ ካምፖች በተናቸው። ቤተሰብ በሦስት ፓስፖርት ተከፍሎ እንደነበር ቀደም ብለን ተናግረናል። ያ ጥንቃቄ አሁን ቤቱን የሚሰነጥቅ ሽብልቅ ሆነ። ሚስት የእንግሊዝ ፓስፖርት አላት፤ ልጆቿን ይዛ እንግሊዝ ገባች። ባል ዩጋንዳዊ ነበር፤ ተቀድዶበታል፤ ኦስትሪያ ካምፕ ውስጥ ተቀመጠ። እንግሊዝ ደግሞ በዚያን ጊዜ ሕጓ ሚስት ባሏን ተከትላ ትመጣለች እንጂ ባል ሚስቱን ተከትሎ አይመጣም የሚል ነበር፤ የቤት ራስ ወንድ ነውና እሱ ባለበት ይሂዱ ማለቷ ነው። እሱ ያለው ግን የትም አልነበረም። ውሎ አድሮ ባሎቹ እንዲገቡ ተፈቀደ፤ እስከዚያ ግን ስንት ልጅ አባቱን በፎቶግራፍ ብቻ አውቆ አደገ! በካምፓችን ውስጥ የቤተሰብ መቀላቀል ማመልከቻ የሞላችሁ እኅቶችና ወንድሞች፣ «የትዳር ማስረጃ» በሚለው መስመር ላይ ስንት ጊዜ ብዕር እንደሰበራችሁ እናውቃለን።

እስካሁን የሰው ታሪክ አወራን። ስለ ራሳችን ካልተናገርን ግን ክርክሩን የጀመሩት አባት ይታዘቡናል።

በሚያዝያ 1993 ኤርትራ የነጻነት ሪፈረንደም ስታደርግ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩ የኤርትራ ተወላጆችም ተመዝግበው ድምፅ ሰጡ፤ ከሃምሳ ሺህ በላይ ነበሩ። አዲስ አበባ የተወለደ፣ እዚያው ተምሮ፣ እዚያው መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ካርድ ወስዶ ድምፁን ሰጥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። የኢትዮጵያ ፓስፖርቱ በኪሱ ነው፤ ማንም ክህደት ፈጸምክ አላለውም፤ ድምፅ መስጫውን የፈቀደው ራሱ መንግሥት ነውና። በ1996 ሁለቱ መንግሥታት እነዚህ ሰዎች አንዱን ዜግነት ይምረጡ ብለው ተስማሙ፤ ማስመረጡ ግን ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። በግንቦት 1998 ጦርነት ተነሣ። በሰኔ አውቶቡስ ቆመ። ያ ካርድ ያን ጊዜ የባዕድነት ማስረጃ ሆኖ ወጣ። በጠቅላላው 75 ሺህ ያህል ሰው ከኢትዮጵያ እንደተባረረ ይገመታል፤ ሱቁን፣ ቤቱን፣ አንዳንዱ ሕፃን ልጁንና ሚስቱን ትቶ። ከኤርትራም በኩል እንዲሁ ወደ 70 ሺህ የሚገመቱ ኢትዮጵያውያን፣ ከአሰብ ወደብ ሠራተኞች ጀምሮ፣ ወጥተዋል፤ ታስረውና ተንገላተው የወጡ ብዙ ናቸው። ሄግ ላይ የተቀመጠው የሁለቱ አገሮች የካሣ ኮሚሽን በ2004 በሰጠው ውሳኔ፣ ሰዎቹ የሁለቱም አገር ዜጎች እንደነበሩ ተቀብሎ፣ ከኢትዮጵያ ድርጊት ከፊሉን በጦርነት የሚፈቀድ፣ ከፊሉን ከሕግ የወጣ አለው፤ ኤርትራንም በበኩሏ ጥፋተኛ አደረገ።

በዚህ ካምፕ ውስጥ የሁለቱም ወገን ልጆች በአንድ የውኃ ቧንቧ እንቀዳለን። ስለዚህ ቃላችንን መዝነን እንናገራለን፤ የካምፓላው ማጣሪያ መስኮትና የእኛው የሪፈረንደም ካርድ አንድ ዓይነት ነገር ናቸው ብለን እናምናለን። በሁለቱም ቦታ ሰዉ ሕግ አላፈረሰም። በጻፈበት ቀን ትክክል የነበረ ወረቀት፣ በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰው እጅ ሲነበብ ወንጀል ሆነ። ሕንዶቹን «የሥራቸውን አገኙ» ያልነው እኛ፣ የአዲስ አበባውን ጎረቤታችንን እንዲያ ለማለት አፋችን አይታዘዝም። ለምን? አንዱን ስለምናውቀው ብቻ ነው?

ዘጠና ቀን የሚለው ቁጥርም በአሚን አልቀረም። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2013 ወረቀታችሁን አስተካክሉ ብላ የሰጠችው ጊዜ ሲያበቃ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ተመለሱ። በ2017 ደግሞ እንደገና ውጡ ስትል የሰጠችው ጊዜ ዘጠና ቀን ነበር። በዚያን ጊዜ እዚያ ያለው ሠራተኛ መኖሪያ ፈቃዱ በአሠሪው እጅ ነበር፤ አሠሪውን ትቶ የወጣ ዕለት ከነነፍሱ ሕገ ወጥ ይሆን ነበር። ባላው የራሱ አልነበረም ማለት ነው፤ የተንጠለጠለው በሰው ባላ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከዚያ የተመለሱት ከእኛ የበለጠ ይናገራሉ፤ እናልፈዋለን።

እኛ ራሳችን የተቀመጥንበትስ? ዩጋንዳ እስከ ቅርብ ጊዜ የምትሠራው በ1960 በወጣ የስደተኞች መቆጣጠሪያ ሕግ ነበር፤ በዚያ ሕግ ስደተኛ ከተመደበበት ሠፈር ያለ ፈቃድ መውጣቱ ጥፋት ነው። በ2006 የወጣውና በ2008 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሕግ ግን ስደተኛ እንዲንቀሳቀስና ሥራ እንዲይዝ ፈቀደ። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ሕግ ያላቸው አገሮች ብዙ አይደሉምና፣ ቅሬታችን ብዙ ቢሆንም፣ ይህን ዋጋ መስጠት ተገቢ ነው። ካንሳንጋና ካባላጋላ የእንጀራ ቤት የከፈቱ ወገኖቻችን በዚህ ሕግ ጥላ ሥር ናቸው። ነገር ግን ሌላ መሥሪያ ቤት ደግሞ የውጭ ሰው የሥራ ፈቃድ ያውጣ ሲል፣ ስደተኛው ያውጣ አያውጣ እያሉ ሲያከራክሩ ቆይተዋል። የ1995ቱ ሕገ መንግሥትም ዜግነትን በምዝገባ ማግኘት ስለሚችሉ ሲደነግግ፣ ወላጁ ስደተኛ የነበረን ሰው ለይቶ አስወጥቷል። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ሉጋንዳ ከአማርኛ አስቀድመው የሚናገሩ ናቸው። የሰባ ሁለቱን ነገር የምንጽፈው ለዚህ ነው እንጂ ለሕንዶቹ ጠበቃ ለመቆም አይደለም።

የተባረሩት ሰዎች ንብረት ምን ሆነ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ሱቆቹንና ቤቶቹን ወታደሮችና ባለሟሎች ተካፈሏቸው፤ መደርደሪያው ሲራቆት የሚሞላው ጠፋ፤ ስኳር በዚህ የስኳር አገር ተሰወረ። በ1982 ንብረቱ ለባለቤቶቹ እንዲመለስ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ፤ ብዙው የተፈጸመው ግን በ1990ዎቹ፣ በሙሴቬኒ መንግሥት ነው። አንዳንዶች ተመለሱ። ከካምፓላ ሲወጡ ልጆች የነበሩ፣ አሁን ጠጉራቸው የሸበተ፣ በእንግሊዝ ወይም በካናዳ ፓስፖርት ኢንቴቤ ላይ ወረዱ። ዩጋንዳ ጥምር ዜግነትን የፈቀደችው በ2000ዎቹ ነውና፣ በዚያን ጊዜ እነዚህ ሰዎች በተወለዱባት ከተማ ለመቀመጥ የመግቢያና የሥራ ፈቃድ ቅጽ መሙላት ነበረባቸው፤ በቅጹ ላይ «ወደ ዩጋንዳ የመጡበት ምክንያት» የሚል ጥያቄ ሲያዩ ምን እንደጻፉ ለማወቅ በጣም እንጓጓለን።

ባለፈው ጊዜ ከመካከላችን ሁለት ሰዎች ለጉዳይ ካምፓላ ሄደው ሳለ ፖርት ቤል ድረስ ወርደው ነበር። ወደ ወደቡ ግቢ እንዳይገቡ ዘበኛው የይለፍ ወረቀት ጠየቃቸው፤ የስደተኛ መታወቂያቸውን አሳዩት፤ አገላብጦ አየና በትሕትና መለሰላቸው። ከአጥሩ ውጭ ቆመው ሐይቁን አዩ። ሐዲዱ ውኃው ውስጥ የሚገባ ይመስላል ብለው ነገሩን።

ሰላሳ ስምንት ገጽ የነበረን ደብተር እያለቀ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ እናቁም። ለሚቀጥለው ዕትም የ1998ቱን መባረር፣ ከአዲስ አበባም ይሁን ከአሰብ፣ በዓይናችሁ ያያችሁ ሰዎች፣ ስማችሁን ሳትጽፉ፣ ያን ጊዜ በእጃችሁ የነበረው ወረቀት የትኛው እንደነበረና ምን እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ስጡልን። ያ ወጣትም ለመጻፍ ቃል ገብቷል። ይህን ያነበበ ለጎረቤቱ ያስተላልፍ፤ ገጹን ለማገዶ አያውለው።